የኦይታ ክር ከየት ይመጣል

መስከረም 28 ቀን 2010

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ጎረቤቴ ሸማኔው ኦይታ ሰነፍ አይደለም። ሥራውም አልከፋም። ከውጭ አገር በማሽን የታተመ ጨርቅ የጋሞ ባህል ልብስ የሆነውን የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር አስመስሎ፣ እሱ ከሚጠይቀው በግማሽ ዋጋ ገበያ ላይ ተሰቅሏል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው በለጥሽ ዛሬ ቁርስ ላይ፣ "ጎረቤትህ መጠጥ ጀመረ እንዴ? ፊቱ ጠቁሯል" ስላለችኝ ነው። ባለቤቴ ለፍርድ ትቸኩላለች። አልጠጣም። ለማስቃላ፣ ለመስቀል በዓላችን ብሎ የሸመነው ዱንጉዛ በዓሉ አልፎ እቤቱ ቀርቶበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙዙን አጠጣሁ። የኩልፎ ወንዝ ደፍርሷል። ሌላ የለም።

ጥቅምት 1

ሬዲዮ። የብር ምንዛሪ በአሥራ አምስት በመቶ ቀንሷል። ዓላማው ወደ ውጭ የምንልከው እንዲበረታታ፣ ከውጭ የሚገባው እንዲወደድ።

ሁለት ጊዜ አዳመጥኩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ኦይታ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል።

"ደስ ይበልህ!"

"ምን ተገኘ፣ ቲቸር?"

"የውጭው ጨርቅ ሊወደድ ነው። ያንተ ይፈለጋል።"

መወርወሪያውን አቆመ። "በርናባስ ሱቁ የተረፈውን ክር በድሮው ዋጋ ውሰድ ይለኛል። ልውሰድ?"

"ምን አስቸኮለህ? በገንዘቡ የኩሽናህን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሰው። ክሩ የትም አይሄድም።"

ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር… የነገርኩትን ሳይጠራጠር ይጽፋል።

ጥቅምት 7

አዲሱ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል። የኦይታ ሚስት ሻሺቱ በአጥሩ በኩል መረቀችኝ።

ኅዳር 9

ገበያ ወጣሁ። በርናባስ ሱቅ። መደርደሪያው ላይ ነጭ ክር አለ፤ ቀይና ቢጫ ጥቂት ጥቅል ብቻ፣ ዋጋቸውም ሌላ ሆኗል።

"ምን ነካው?" አልኩት።

"ቲቸር፣ ቀይ ክር የት የሚበቅል መሰለዎት? ጨንቻ?"

አንዱን ቀይ ጥቅል አንሥቼ አገላበጥኩ።

"ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። አስመጪው ዶላር ፍለጋ ባንክ ደጅ ወረፋ ይዟል። ነዳጅና መድኃኒት ይቀድማሉ። ክር ማን ነው?"

መቅደማቸው ስህተት ነው ማለት አልችልም። ግን… "የታተመው ጨርቅስ? እሱም የውጭ ነው። ለምን አልተወደደም?"

ሳቀብኝ። "እሱ ወረፋ አያውቅም! በሞያሌ በኩል በጨለማ ይገባል። ባንክም አያየው፣ ጉምሩክም አያየው።"

እንግዲህ ሕግ ያከበረው ክር ባንክ በር ቆሟል፤ ሕግ የጣሰው ጨርቅ ገብቶ ተሰቅሏል። የምንዛሪው ውሳኔ ተቀናቃኙን ሊመታ ተወርውሮ ኦይታን መታው።

ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ ነበር። ክሩ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ቢመልስልኝ ግማሽ ነጥብ ነበር የምሰጠው።

ኅዳር 17

ሸማኔዎቹ ዱቡሻ፣ በሸንጎው አደባባይ፣ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ። እንደ ደንቡ ሁሉም በተራው ይናገራል፤ ማንም የማንንም አያቋርጥም። አንዱ ቀዩን እናሳንስ አለ። ሌላው ቀይ ያነሰው ዱንጉዛ አይባልም አለ። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጉታ ተነሡ።

"ይህ ጎሜ ነው። ነውር የሠራ ሰው እዚህ ቆሞ ካልተናገረ መዓቱ ለሁላችን ነው። አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሉት። እንግዲህ ብሩን ያወረደው ሰው መጥቶ ይናገር!"

"አይመጣም፣ አባ" አለ ኦይታ። "መኪና ጠፍቶበት ይሆናል።"

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ተነሣሁ። ክር እንዳይገዛ የመከርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጉታ በትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ይዘንባል ያለ ሰው ዝናቡን አላመጣም። ተቀመጥ፣ አስተማሪ።"

ተቀመጥኩ። ግን ይዘንባል አላልኩም እኮ። አይዘንብም ነው ያልኩት…

ታኅሣሥ 20

ኦይታ ሄደ። አዲስ አበባ፣ የሚስቱ ወንድም የሚሠራበት ሕንፃ ግንባታ ላይ። ሲሚንቶ ሊሸከም። እነዚያ ጣቶች።

አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። "ጉድጓዱን አልደፈንኩትም" አለኝ። "አባቴ፣ ሸማኔ ጉድጓዱን ደፍኖ ከሄደ አይመለስም ይል ነበር።"

"ትመለሳለህ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ፣ ቲቸር። የወደፊቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

ቀልዱ ነው? ፈገግ ብሎ ነበር። እንጃ።

ሚያዝያ 4

ሌሊቱን ዘነበ። የኦይታ ጉድጓድ ውኃ ሞላ፤ የሻሺቱ ፍየል ገብታ በጩኸት ወጣች።

"ዛሬውኑ እደፍነዋለሁ!" አለች ሻሺቱ፣ አካፋ ይዛ። "ባሌን ወሰደ፤ ደግሞ ፍየሌን!"

"ባልሽን የወሰደው ጉድጓዱ አይደለም።"

"ታዲያ ማነው? እርስዎ ያውቃሉ?"

አውቃለሁ፤ ግን ስም የለውም። ውኃውን በባልዲ ቀዳሁላት። ከጣሪያው የተረፈች አንድ ቆርቆሮ ነበረች፤ ከላይ ጣልንባትና ድንጋይ ጫንን። በክሩ ገንዘብ የተገዛች ቆርቆሮ።

ሚያዝያ 6

ሬዲዮው ስለ አዲሱ መንግሥትና ስለ ኢኮኖሚው ያወራል። በለጥሽ፣ "ምን ይመጣል አሉ?" አለችኝ። "እነሱን ጠይቂ" አልኳት። ትንቢት ትቻለሁ።

ይልቅ አንድ በአንድ ልጠይቅ። ማጉ? እዚሁ ቆላ የበቀለ ጥጥ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል። ድሩ? የአገር ውስጥ ፋብሪካ ነጭ ክር፤ ተወደደ እንጂ አልጠፋም። መወርወሪያው? እንጨት። ባሕር የሚሻገረው ቀለሙ ብቻ ነው።

ነጭ ጋቢ እንግዲህ… ኦይታ ግን በአንድ ወቅት ምን ነበር ያለኝ? "ነጭ የሚሸምን ለማጅ ነው።"

ግንቦት 11

ጫሞ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ፌቨን፣ ተማሪዬ የነበረች፣ ለጎብኚ እንግዶች የእጅ ሥራ ትሸጣለች። ጨርቅ በጣቷ አሽታ ዋጋ የምትቆርጥ ነጋዴ ሆናለች። ስለ ኦይታ ነገርኳት።

"ነጭ ጋቢ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ጥለቱም ነጭ። በየወሩ ካመጣልኝ እወስዳለሁ" አለች። "ካልሆነ ከኮንሶ በኩል ላስመጣ ነው። ግን አልዋሽዎትም ቲቸር፣ ዘንድሮ በግርግሩ የተነሳ እንግዳ ቀንሷል።"

"እስከ መቼ ትጠብቂያለሽ?"

"እስከ ሌላው ቅዳሜ። ለእርስዎ ስል ነው።"

ግንቦት 13

ለሻሺቱ ነገርኳት። ፍየሏን አስራ ገባች። ማታ በአጥሩ በኩል የእንዝርት ድምፅ ሰማሁ።

ግንቦት 15

ለኦይታ ደወልኩ። ስልኩ አይነሣም። ሥራ ላይ ነው መሰል። ስለዚህ ጽፌ ላክሁለት። ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። እዚህም ልገልብጠው፦

"ኦይታ፣ ስለ ዋጋ ምንም ትንቢት አልነግርህም። ያየሁትን ብቻ። ፌቨን ነጭ ጋቢ በየወሩ ትወስዳለች፤ እንግዳ ግን ቀንሷል፣ ራሷ ናት ያለችኝ። ማጉን ሻሺቱ እየፈተለች ነው። የድሩን ክር በርናባስ ዘንድ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀይ ክር አሁንም የለም። ነጭ የለማጅ ሥራ ነው ማለትህን አልረሳሁም። ደመወዝህን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አመዛዝነው። ጉድጓድህ አልተደፈነም፤ ቆርቆሮ ለብሷል። እመጣለሁ በል ወይም አልመጣም በል፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ፌቨን የምትጠብቀው እስከ ቅዳሜ ነው። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።"