አማኑ ድምፁን ያጠፋበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሽመክት፣ መሐል ሜዳ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱ ሲገባ ያ የወገብ ሕመም ይነሳብዎታል ብዬ ስሰጋ ነው የከረምኩት። እማዬስ እንዴት ናት? ሳሉ ተዋት ወይ? ገብሱ ተሰበሰበ? ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፋብሪካውም ሥራ አላቋረጠም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሜ አማኑም ለጤናው ደኅና ነው።

በስልክ መናገር ስችል ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎት አይቀርም። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የአማኑን ጆሮ ደግሞ ያውቁታል፤ በር ላይ ወጥቼ ባንሾካሹክ እንኳ ይሰማኛል። እሱ ሳይሰማ ልነግርዎት የምችለው በጽሑፍ ብቻ ሆነብኝ። ይህን የሚያደርስልዎት ዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ወደዚያው እየመጣ ነው። በደወሉ ቁጥር «አማኑ ለምን ድምፁን አጠፋ? የፈተናው ነገር ምን ደረሰ?» ሲሉኝ «ገና አልታወቀም» እያልኩ አቆይቼዎታለሁ። ከታወቀ ቆየ፣ አባባ። አማኑ አላለፈም።

እርስዎ የሚያውቁት የስምንተኛ ክፍሉን አማኑ ነው። ኩፍኙ ዓይኑን ከወሰደበት በኋላ እዚህ ሰበታ አምጥቼው ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ልጁ እንደገና የተወለደ ነበር የመሰለኝ። በክፍሉ ጥቂት ልጆች ናቸው፤ መጽሐፉ በብሬል ነው፤ በጣቱ እየዳሰሰ እኔ በዓይኔ ከማነበው ፈጥኖ ያነበው ነበር። መምህሩ ጋሽ ገብረየስ ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ስለሆኑ የቱ ጋ እንደሚቸግረው ሳይነግራቸው ያውቁለታል። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከዓይናማዎቹ ልጆች በልጦ ሲገኝ፣ ስልኩን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ለጎረቤቱ ድምፁን ያሰሙት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ከዓይናማዎቹ ጋር በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ «ይህ በዚህ ሲካፈል ይህን ይሰጠናል» ይላል። አማኑ ብሬሉ ላይ «ይህ» ብሎ ጽፎ ወደ ቤት ይመጣል። የብሬል መጽሐፍ አልነበረም። ሄጄ ብጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ «ለሚያዩትም አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ነው የሰጠናቸው፤ ምን ላድርግልሽ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወረደ።

ቡራዩ ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ብዙ ልጅ ያሳልፋል ሲባል ሰምቼ፣ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ይዤው ሄድኩ። በበሩ ላይ ያለፉት ልጆች ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ኃላፊዋ አማኑን አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችው፤ ሳይንተባተብ መለሰላት፤ ተገረመች። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «እህቴ፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ግን እሱን የሚያስተምር የሠለጠነ ሰው የለንም። ቢወድቅብን ደግሞ ወላጅ የሚያየው ስንት እንዳሳለፍን ነው» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ አማኑ እየሳቀ «እቴቴ፣ የሚያልፈውን ብቻ ተቀብለው ነዋ የሚያሳልፉት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የትም ይዤው አልሄድኩም።

የደረሰችለት የአከራያችን የኦቦ መገርሳ ልጅ ጂሬኛ ናት። ክፍላቸው አንድ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥሩ ሥር ተቀምጠው እሷ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ አንዴ ይሰማና በአማርኛም በኦሮምኛም አድርጎ መልሶ ያስረዳታል። ሲጀምሩ ደከም ያለች ተማሪ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ተረፈች «አማኑ ባይኖር ልጄ መጽሐፍ አትገልጥም ነበር» ይሉኝ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል እንዲሁ ቆዩ።

በአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና አንባቢ ሆኖ የተመደበለት ሰው ተቻኩሎበታል። እኔ የምጽፍልዎት እሱ የነገረኝን ነው። ካርታና ግራፍ ያለበት ጥያቄ ጋ ሲደርስ «ይህ ሥዕል ነው፣ እለፈው» ይለዋል፤ ድገምልኝ ሲለው «ሰዓት የለም» ይለዋል። ውጤት የወጣ ዕለት ጂሬኛ የሁለቱንም በስልኳ አየች። ከዚያ ትምህርት ቤት ያለፉት አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃቸው ነበር፤ እሷ አንዷ ናት። የእሱን ስታይ የራሷን ለወላጆቿም ሳትናገር ቀረች። ኋላ ወይዘሮ ተረፈች ሲሰሙ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ የእኛን በር ሲያዩ በእጃቸው ከደኑት። አማኑ ግን ራሱ ወጥቶ «ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት? እልል በሉላት እንጂ» አለ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። በኅዳር ዩኒቨርሲቲ ገባች።

በግል ደግመህ ተፈተን ስለው «ማን ያነብልኛል?» አለኝ። እኔ አነባለሁ ብዬ ሞከርኩ። እንግሊዝኛው አንዲት ገጽ ሳልጨርስ ምላሴን አሰረው፤ እሱ ቃሉን እያረመልኝ ትንሽ ታገሠና «ተይው እቴቴ፣ ከሥራ ደክሞሽ ነው የመጣሽው» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳውን ለታናናሾቹ ተማሪዎች ሊሰጥ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ ውሰጂኝ አለኝ። ጋሽ ገብረየስ ገና ሰላም ሲላቸው በድምፁ አወቁት። አቅፈውት «እህ፣ አለፍክ አይደል?» አሉት። አማኑ «አልፌያለሁ፣ ጋሼ» አለ። እሳቸው ልጆቹን ሰብስበው «አጨብጭቡለት፣ እናንተም እንደሱ ትሆናላችሁ» አሉ፤ አጨበጨቡ። ሚንሃ የምትባል ትንሽ ልጅ እጁን ፈልጋ ይዛ «ዩኒቨርሲቲ መጽሐፉ በብሬል ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አዎ፣ ሁሉም በብሬል ነው» አላት። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አስፋልቱ ጋ ደረስን። ከዚያ ቆም ብሎ «እነዚያን ልጆች ምን ልበላቸው፣ እቴቴ?» አለኝ።

አባባ፣ የምለምንዎት ይህን ነው። ሲደውሉ ስልኩን ለሱ ስጪው ይበሉኝ። ውጤቱን አይጠይቁት፤ አይዞህም አይበሉት፤ አይዞህ የሚለው ሰው በዝቶበታል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ያውሩት፤ መናገር እስኪጀምር ድረስ ይታገሡት። ምናልባት ለእኔ ያልነገረኝን ለእርስዎ ይነግርዎት ይሆናል።

ለእማዬ ቀስ ብለው ይንገሯት፣ ሳሏ ላይ ሐዘን እንዳይጨመርባት። ወንድሜን ወንዲን እስከ ልጆቹ ሰላም ይበሉልኝ። አራስ ሚስቱን ሐኒን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላለች ይበሏት። ኦቦ መገርሳም «አባታችሁን ናጋ በይልኝ» ብለዋል፤ ሰላም በይልኝ ማለታቸው ነው። ትንሿ እህቴ ያኔት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች አይደል? በርትታ እንድታጠና ይንገሯት፤ እኔ ሌላ የምላት አጣሁ።

ልጅዎ ስንዱ ሽመክት
ሰበታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.