አምስት ልጆች ነበሩሽ

ውድ እናና፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። አሁንም ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱን የስፌት ሣጥንሽ ክዳን ላይ ዘርግቼ። ሁለት መስመር ጽፌ እስከ በሩ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ሁለት መስመር። ትናንት አርባሽ ነበር። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ገመዱ ብቻ ግቢው ውስጥ ቀርቷል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በቀብርሽ ቀን አስከሬንሽ ፊት ቆሜ ውሸት አነበብኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም» አለኝ።

ያረፍሽ ዕለት ጠዋት የበኩር ልጅሽ ሀብተወልድ «የሕይወት ታሪኩን ባርኮት ትጻፈው፤ የተማረች እሷ ናት» አለ። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንቺ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መኪና ግርግር ሰፈር ካሉት ልብስ ሰፊዎች የጨርቅ ጥቅል በራስሽ ላይ ተሸክመሽ እያመጣሽ፣ በእጅሽ ቁልፍ እየተከልሽ፣ ጠርዝ እየቀመቀምሽ ልጆችሽን ማሳደግሽን ጻፍኩ። ዓይንሽ ከደከመ በኋላ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብቼልሽ፣ ማታ ስመለስ አሥራ ሁለቱም ባዶ ሆነው የመርፌ ትራሱ ላይ ተሰክተው እንደማገኛቸው ጻፍኩ። ከዚያ «የአምስት ልጆች እናት፣ የአሥር የልጅ ልጆች አያት ነበሩ» ብዬ ጨረስኩ። አምስተኛዋ እናቴ ንግሥት ናት። አሥረኛዋ እኔ።

የሀብተወልድ ልጅ ኒቆዲሞስ «ላስተይበው» ብሎ ወሰደው። ከፍትሐቱ በኋላ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት እጄ ላይ አደረገልኝና ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ሳነብ ዓይኔ ከአፌ እንደሚቀድም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሳልደርስበት አየሁት። «የአራት ልጆች እናት፣ የዘጠኝ የልጅ ልጆች አያት»። አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። እናቴንም ራሴንም በገዛ ድምፄ ሰረዝኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ የአባቴ እህት ናፊያ ከሶፊ መንደር ሴቶች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ድምፅ ማጉያው እዚያ ድረስ ይሰማል። ስወጣ አቀፈችኝ፤ ስለ ንባቡ ምንም አላነሣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሠልስቱ ሀብተወልድን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እናቴን ለምን ሰረዟት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው አለ።»

«ሰው ስላለ ነው የምጠይቅዎ።»

«ሃይማኖቷን ለውጣ፣ ስሟን ሳዳ አስብላ ሶፊ የገባችው እሷ ናት። የሄደች እሷ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«እኔስ? እኔ ወዴት ሄድኩ? ስድስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ አይደለሁም?»

«አንቺማ የአባትሽ ወገኖች አሉልሽ» አለኝና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ምክንያቱን የነገረኝ ኒቆዲሞስ ነው፤ ከጓሮ፣ ጫማውን እያየ። «አባዬ ሊያገባ ሲል ለእማዬ ቤተሰቦች ‹እህቴ በልጅነቷ ሞታለች› ብሏቸዋል። አሁን በማይክሮፎን ስሟ ሲነሣ ምን ይበላቸው?»

«እኔን ማን ናት አላቸው?»

«እማማ የሚያሳድጓት የሩቅ ዘመድ ልጅ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ አላውቅም ነበር እኮ፣ ባርኪ።»

ለካ በዓመት በዓሉ ሁሉ ከምግቡ ጋር ውሸቱንም አቀርብ ኖሯል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺም ላይ ተናድጃለሁ። ባልሽ የእናቴ ስም በቤቱ እንዳይነሣ ምለው ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ «ጊደር መጋላ በርበሬ ልገዛ» ብለሽ ትወጪ ነበር። እፍኝ በርበሬ ገዝተሽ ቀጥታ ወደ ኤረር በር። እናቴ ኦቾሎኒዋን ይዛ፣ መጀመሪያ እኔን አዝላ፣ ኋላም በእጄ እየመራችኝ ከሶፊ ትመጣለች። የከተማው ግንብ ሥር ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ። ብዙ አታወሩም ነበር። አንቺ የቀሚሷን ጠርዝ ገልበጥ አድርገሽ የተተረተረውን እዚያው ትቀመቅሚላታለሽ፤ እሷ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች አፍሽ ውስጥ ትጨምርልሻለች። ቤቱ በርበሬ ሞላ። ሀብተወልድ «እማማ፣ ልንነግድ ነው እንዴ?» ይልሽ እንደነበር እየሳቅሽ ነግረሽኛል። እኔን አላሳቀኝም። ባልሽ ከሞቱ በኋላ እንኳ «በርበሬ ልገዛ» ነበር የምትዪው። ማንን ፈርተሽ ነው?

ግን ደግሞ ያንን ድስት አስባለሁ። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። አንቺ ሶፊ ስትደርሺ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከናፊያ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሽ፤ ሦስት ቀን ቆይተሽ፣ አባቴን ለምነሽ፣ እኔን ይዘሽ ተመለስሽ። በሳምንቱ አዲስ ድስት ገዛሽ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰርሽበት፤ ሳህኖቹን አብረሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽ። የእኛ ቤት ሥጋ አንድም ቀን አልነካውም። ናፊያ እኔን ልታይ ስትመጣ ድስቱ አጥር ተሻግሮ ጎረቤታችን ሐሰን ቤት ይሄዳል፤ ሐሰን ያርዳል፣ ሚስቱ ትሠራለች፣ ናፊያም ልቧ ሳይጠራጠር ከእኔ ጋር ትበላለች። ይኸው አባቴም ሞቶ፣ ናፊያ መምጣቷን ሳትተው ሃያ ዓመት።

አምና ክሊኒክ የወሰድንሽን ቀንም አስባለሁ። ነርሷ «ስንት ልጅ ወልደዋል?» ስትልሽ «አምስት» አልሽ።

ሀብተወልድ ፈጠን ብሎ «አራት ነው፤ ተምታቶባቸው ነው» አላት።

«የተምታታብህስ አንተ! ምጡን ያማጥኩት እኔ ነኝ። አምስት ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።»

ነርሷ ሳቀች፤ ጻፈችም። በሰማንያ ሰባት ዓመትሽ ነው ጮክ ብለሽ የተናገርሽው። እኔ ማይክሮፎን ይዤ መድገም አቃተኝ።

ለአርባሽ ሲዘጋጁ ሀብተወልድ «ለእስላም ተብሎ ለብቻ የሚሠራ ነገር አያስፈልግም፤ የሚመጣ የለም» አለ። ሣጥኑን ከፍቼ ድስቱን አወጣሁና አጥር አሻግሬ ለሐሰን ሰጠሁት። ሐሰን ክሩን በጣቱ ነካ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁንም አልተበጠሰም» አለ። በግ አረደ። ናፊያ አምስት ሴቶች ይዛ መጣች።

ጸሎቱ እንዳበቃ ተነሣሁ።  «መምሬ ኤልሳዕ፣ በቀብሩ ቀን ስሕተት አንብቤያለሁ። ላርም።»

«ባርኮት፣ ቁጭ በይ» አለ ሀብተወልድ።

መምሬ እሱንም እኔንም አዩ። «ስሕተት ከሆነ ይታረማል፤ አንብቢ፣ ልጄ።»

ኤረር በርን ጨምሬ በእጄ እንደገና የጻፍኩትን ሁለት ገጽ አነበብኩ። መርፌዎቹን፣ ኤረር በርን፣ ሁሉንም። «የአምስት ልጆች እናት» ብዬ አምስቱንም በስም ጠራሁ። «የመጨረሻዋ ንግሥት፣ በሶፊ ስሟ ሳዳ» ስል ከሀብተወልድ አማቶች መካከል አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው «ውይ! እሷ ሕፃን ሳለች ሞታለች አልተባለም እንዴ?» አሉ።

 ሀብተወልድ ሳህኑን እያየ ነበር።

ናፊያ ከተቀመጠችበት «አቦ፣ ምን ሕፃን ናት!» አለች። «ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወላሂ፣ ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ልጇም ይቺውና ቆማለች። አላህ ይርሐማት።»

«የአሥር የልጅ ልጆች አያት» ብዬ ጨረስኩና ተቀመጥኩ። ማንም ድምፄ ያምራል አላለኝም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሀብተወልድ ከሐሰን ቤት የተመለሰውን ድስት በሁለት እጁ ይዞ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ይጮኽብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለብቻው ነው አይደል የሚታጠበው?» አለኝ።

«ለብቻው።»

«እሷ… ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው የኖረችው?»

«አዎ።»

እጅጌውን ሰብስቦ አጠበው። ክሩ እንዳይርስ ጆሮውን ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። ይቅርታ አላለኝም። እኔም ይቅር አላልኩትም፤ ለአንቺ ብዬ እንኳ አልዋሽም። ድስቱን ግን ተቀብዬው ሣጥኑ ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ናፊያ እንደ እናቴ ኦቾሎኒ ይዛ ኤረር በር ትመጣለች። እሄዳለሁ፤ ያውም በሀብተወልድ ደጃፍ በኩል አልፌ። ወዴት ነው ካለኝ እነግረዋለሁ። አንቺ እፎይ ብለሽ ተኚ፣ እናና። በርበሬ አልገዛም።

አሥረኛዋ የልጅ ልጅሽ፣
የንግሥት ልጅ፣
ባርኮት ጀይላን
ሐረር