የላላችው “ሳ”

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ፣

ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው ተብዬ ስላደግኩ እንጂ ላንተስ ሰላምታውም ይበዛብህ ነበር። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የምትነግድበት ጉሮሮህ ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነበርኩ ብል ይሻላል፣ ፖድካስትህ እስኪወጣ ድረስ።

እዚያ አዳራሽ የመጣሁት የግጥም ምሽቱ አዘጋጆች ጠርተውኝ ነው። ቀጂው አንተ መሆንህን ባውቅ እግሬም አይደርስም ነበር። ማይክራፎንህን ከፊቴ ተክለህ ሳይህ ደሜ ፈላ። ያጠናሁትን ግጥም ትቼ ያችን ወረወርኩልህ፦

ቢያነሳህ ቢጥልህ ሰፈር ተሰብስቦ፣
አይ፣ ረሳ ሆዴ ስንቱን ዘመን አስቦ።

ሰው አጨበጨበ። አንተ አንገትህን ደፋህ። ገባው ብዬ፣ ምን ልዋሽህ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታዲያ ምን ይዘህ ብቅ አልክ? ከ“አይ” ቀጥሎ ያለችውን እስትንፋሴን ቆርጠህ “አይረሳ ሆዴ” አሰኘኸኝ! ርእሱን “የማይረሳ ሆድ” አልከው። ይባስ ብለህ በዚያ በለሰለሰ ድምፅህ ስለማይሞት ፍቅር ሰበክበት። አድማጮችህ ደግሞ ከሥር ታረቁ፣ ተመለሽለት፣ እያሉ ይጽፋሉ። ወደማን ነው የምመለሰው? ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ወደሄደው? “ደኅና ሁኚ” የምትባል ሁለት ቃል ከብዳህ የሄድክ ሰው፣ ዛሬ ስለ ቃል ውበት ሰዓት ሙሉ ታወራለህ። አይ ያንተ ነገር!

የማገባው ሰው ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ካየ ምሳ አይወርድለትም። ፕሮግራምህን አውቶቡስ ላይ ሰምቶት መጣ። እናቱም ሰምተው ኖሮ ቤታቸው ስገባ “ልጄ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?” አሉኝ። ጨጓራዬን የጠየቁኝ መስሎኝ ዛሬስ ተሽሎታል ብዬ መለስኩላቸው። ምራቶቻቸው አፋቸውን ይዘው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህን ሁሉ ያመጣህብኝ አንተ ነህ።

እጮኛዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። እስትንፋሴን ቆርጦብኝ ነው አልኩት፤ አመነኝ። ያልተነካውን ቅጂ አምጪና ለእናቴ እናሰማት አለኝ። ያን ሁሉ መልእክት የላክሁብህ፣ “ቅጂውን አውጣ” እያልኩ ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩብህ ለዚህ ነበር። አንተ ግን ጭጭ።

ከዚያ አንድ ቀን እራት እየበላን ማንኪያውን አስቀመጠና ያራሚ ነገሩን አመጣው። “ረሳ” ሲባል “ሳ” ትጠብቃለች፤ “አይረሳ” ሲባል ትላላለች አለኝ። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም ስናገር ነው የኖርኩት። እስትንፋሱንስ ቆረጠው እንበል፣ “ሳ”ዋን ማን አላላት? ብሎ ጠየቀኝ። ሳህኑን አነሳሁና ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ስቱዲዮህ ሄድኩ። አንተ አልነበርክም፤ ድምፅ የሚያቀናብርልህ ሰው ነበር። እህቴ፣ ግጥም ላይ መቁረጫ አናስነካም፣ እንደወረደ ነው የምንለቀው ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ውሸታም አልኩት። አልተቀየመም፤ ወንበር ስቦ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና ዋናውን ቅጂ ከፈተው። ሰማሁ፤ “ሳ”ዋ ከገዛ አፌ ላልታ ነው የወጣችው። ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመልኝ። ውሃ ላምጣልሽ ሲለኝ ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን የምልህን በደንብ ስማ። ቅጂውን አውጣ ያልኩህን ተወው። አጥፋው። ለማንም እንዳታሰማ፤ ስምህን ጠርቼ እረግምሃለሁ። በሚቀጥለው ፕሮግራምህ ደግሞ ማይክራፎንህ ፊት ቁጭ በልና እስትንፋሷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ “ሳ”ዋንም በማሽን ያላላኋት እኔ ነኝ በል። እንዲህ ያለ ማሽን እንደሌለ አውቃለሁ። አንተ ግን ለመዋሸት ተለምነህ አታውቅም። ሳልጠይቅህ ስንቱን ዋሽተኸኛል፤ ይችን አንዷን ጠይቄህ ነው። ዋሽልኝ።

ሰውዬው ደግ ነው። ላጣው አልፈልግም። ይህን የምጽፍልህ ከንዴት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

መልስህን በስልክ ላክልኝ እንጂ ደጄ እንዳትመጣ። ቤት ቀይራለች ብለውህ ይሆናል፤ አልቀየርኩም፣ እዚያው ነኝ። ቢሆንም አትምጣ።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ልቦና ቢጨምርልህ ደግሞ አልጠላም።

የሰው እጮኛ