ዓሣ የተሳለበት በርሜል

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለቤትህ እንደምን ሰነበተች፣ ሆዷ ገፋ? የእማዬ እጅ መንቀጥቀጡን ተወ ወይስ ባሰበት? እኔ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ» እንዳልል ደኅና አይደለሁም።

ሥራሽ ምንድነው ስትሉኝ «ዓሣ አረባለሁ» እያልኩ ሳድበሰብስ ኖሬአለሁ። እውነቱን ልንገርህ። የተባይ መርዝ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚፈተነው በዓሣ ነው፣ እኔም የምሠራው እዚያ ነው። ጣት የማያክሉ ዓሦች በመስታወት ገንዳ ተደርድረዋል። አንዱ ገንዳ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። በሌሎቹ መርዙ በየገንዳው እየጠነከረ ይሄዳል። የኔ ድርሻ ገንዳ ማጠብና የሞተውን በወንፊት ማውጣት ነው። መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፣ ቀጥሎ በጎናቸው ይዋኛሉ፣ ከዚያ በቃ። አለቃችን ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ሳለቅስ አይቶ፣ እነዚህ ባይሞቱ የሚሞተው ሰው ነበር አለኝ። እኔም በዚያች ቃል ስጽናና ከረምኩ።

የላክህልኝን ፎቶ እስካይ ድረስ ነው ታዲያ። እማዬ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆማ እንደ ሙሽራ ትስቃለች። ባዶውን በርሜል የተባይ መድኃኒት ከምትረጭበት የአትክልት እርሻ እንደሰጡህ፣ ከክረምት ጀምሮም የምትጠጡት ከእሱ እንደሆነ ጽፈህልኛል። ፎቶውን ባጎላው በርሜሉ ላይ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ተስሏል። ከሥሩ ያለው ስም፣ ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከገንዳዎቹ ላይ በየቀኑ የማነበው የመርዙ ስም ነው።

ወዲያው ብደውል እማዬ አነሳችው። በርሜሉን የመረጠችው እሷ መሆኗን በኩራት ነገረችኝ። ሌሎቹ ላይ የራስ ቅል ስላለ ትታቸው፣ ይሄኛው ዓሣ ስላለበት የዓሣ ዘይት የነበረበት ነው ብላ አመነች። ዓሣው እኮ ሞቷል እማዬ ብላት፣ ታዲያ በሕይወት እያለ ዘይቱ ይወጣል እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። በአመድና በሳሙና አሽታ አጥባዋለች፣ እስካሁን ጠጥተን ምን ሆንን አለች። አንተም ስልኩን ተቀብለህ፣ መርዙን በጀርባዬ ተሸክሜው ስውል ያልገደለኝ ታጥቦ ሊገድለኝ ነው ወይ አልከኝ። እጇ የሚንቀጠቀጠው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ስጠይቅህ እርጅና ነው አልክና መስመሩ ተቋረጠ።

ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ከታጠበ በርሜል የሚጠጣ ሰው ምን ይሆናል አልኩት። እኛ የምናውቀው የዓሣውን ነው፣ የሰውን በዚህ መናገር አይቻልም አለና መነጽሩን ወለወለ። ቆይቶ ጣሉት በያቸው አለኝ። ጣሉትማ እኔም በስልክ ብያችሁ ነበር! ነገሬ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እዚህ ገንዳ ሳጥብ እውላለሁ፣ እናንተን የሚያጠጣውን አንዱን በርሜል ግን መድፋት አልቻልኩም።

ስለዚህ ይህን እለምንሃለሁ። ከወንዙ ሁለት ትንንሽ ዓሣ ያዝ። አንዱን በወንዙ ውሃ፣ ሌላውን በበርሜሉ ውሃ በየሳፋው ጨምረህ እማዬን አጠገባቸው አስቀምጣት። በዓይኗ ካላየች አታምንም።

ግን ባይሞትስ? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዶክተሩ እንደሚለው ዓሣው ተረፈ ማለት ውሃው ደኅና ነው ማለት አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚጎዳም አለ። እማዬ ግን ዓሣው ሲዋኝ ካየች «አላልኩም?» ብላ እንደ ልቧ ልትጠጣ ነው። እኔ ለዓሣ ሳለቅስ የኖርኩት፣ ዛሬ አንድ ዓሣ እንዲሞትልኝ ተንበርክኬ እለምናለሁ።

ነፍሰ ጡሯን ሚስትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ እባክህ እሷ እንኳ ከጎረቤት ቀድታ ትጠጣ። ታናሻችንን፣ ያን ወሬኛ፣ ናፍቄሃለሁ በልልኝ፤ ዓሣውን የሚይዘውም እሱ ይሁን፣ ካንተ ይቀናዋል። እማዬን እጇን ሳምልኝ። ስትስመው ከንፈርህ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ግን እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ
ከገንዳዎቹ ክፍል፣ ሚያዝያ ፱