እግርህ ያውቅ ነበር፣ አባዬ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከሄድክ ሦስት ፋሲካ አለፈ። ሁለቱን እንደምንም ተወጣኋቸው። ሦስተኛው ግን አንተን ይዞብኝ መጣ፤ ለዚህ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፣ ከስምንተኛ አላለፍኩም። አንተ ግን የኔን ጽሕፈት ለማንበብ ተቸግረህ አታውቅም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሁላችንም ደኅና ነን። የእማዬ ጉልበት ቢደክምም አፏ አልደከመም። የፒያሳዋ ሱቃችን ለመንገዱ ፈርሳለች። አትደንግጥ። ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ የነበረችው፣ "አንዱ ሱሪ ሲለካ ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል" የምትላት ጠባቧ ሱቅ። ዛሬ እዚያ ጋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ አበባና መብራት አለው። ያምራል፣ ምን አስዋሸኝ። ግን ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ በሩ የቱ ጋ እንደነበር ልለይ እልና ያቅተኛል። የስፌት መኪናህን አፍንጮ በር ወዳለው ቤታችን አምጥተን መስኮቱ ሥር አስቀመጥናት። ደንበኞችህ እዚህ ድረስ ይመጣሉ፤ ዛሬም "የጋሼ ልጅ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

አሁን ወደ ፋሲካው ልምጣ። የፋሲካ እንግዳህን ታስታውሰዋለህ አይደል? ጾሙን ሙሉ እግርህ ሰላም ይከርማል። ከዚያ ዶሮው፣ ዱለቱ፣ ከጓደኞችህ ጋር ቁርጡና ጠላው ይከተላል። በሁለት በሦስተኛው ቀን የቀኝ እግርህ አውራ ጣት ቲማቲም መስላ ቁጭ! "እንግዳው ገባ፣ ወንበር አምጡለት" ትለን ነበር። ለጎረቤት ደግሞ "ሪህ የሀብታም በሽታ ነው አሉ፤ ሀብቱ መንገድ ላይ ቀርቶ በሽታው ብቻ ደረሰኝ" ትልና፣ ስትስቅ ጣትህ ትነቃነቅብህና ሳቅህን "ዋይ" ብለህ ትጨርሰዋለህ።

ለእማዬ ደግሞ ሪህ ማለት ብርድ ነው። ሱቅ ድረስ ተከትላህ ትመጣና መስኮቱን ትዘጋለች፣ በሩ ሥር ጨርቅ ትወትፋለች፣ ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ ጣትህ ላይ ታስርልሃለች። በላዩ የሱፍ ካልሲ፣ በላዩ ጋቢ። አንተ ላብህ እየወረደ "እሺ፣ እሺ" ትላለህ። እሷ ወጣ ስትል ሁሉንም ትፈታና ባዶ እግርህን የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ፣ ብረቱ ላይ ታሳርፋለህ። ዓይንህን ጨፍነህ "እሰይ" ትላለህ። ቀዝቃዛ ነዋ! ተመልሳ ስታገኝህ "አንተ ሰውዬ፣ በገዛ እጅህ እግርህን ብርድ ልታስመታው ነው!" ብላ ትጮኻለች። አንተም "ሥራ ላይ ነኝ" ትላታለህ።

ሥራውስ ቢሆን፣ በዚያ እግር መርገጥ የት ይቻላል? እኔ ነበርኩ ከሥር ገብቼ መርገጫውን በሁለት እጄ የምገፋልህ። ከላይ "ሂጂ" ትላለህ፣ እሄዳለሁ። "ቀስ" ትላለህ። "ቁሚ" ትላለህ። ከዚያ ሥር ፊትህ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ያበጠው እግርህ ነው። አንዴ "ቁሚ" ስትል ሳልሰማህ ገፍቼ የሰውየው ሱሪ ኪስ ተሰፍቶ ተዘጋ። ሊወስድ ሲመጣ "ገንዘብ እንዳይጠፋብህ ብዬ ነው" አልከው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአልጋ ወርጄ እግሬን መሬት ሳስነካ ጮኽኩ። ባየው ቀኝ አውራ ጣቴ ናት። ያቺው፣ ያንተዋ። አባዬ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ። አንሶላ ሲነካት ድንጋይ የወደቀባት ይመስላል። እንዲህ እያመመህ ነው እንዴ ስትቀልድልን የኖርከው? ግን ምን ልበልህ፣ ከሕመሙ ሥር ትንሽ ደስ የሚል ነገርም ነበረበት። ሦስት ዓመት ደጃችንን ያልረገጠው እንግዳ ተመለሰ። አንተን የሚያውቅ እንግዳ።

እማዬ ወዲያው ጨው ማሞቅ ጀመረች። ልጄ ናቲ ግን ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ደሜን አስመርምራ፣ ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር ሲበዛ መጋጠሚያ ላይ እንደ አሸዋ ይጠራቀማል አለችኝ። "በዘርም ይመጣል" ስትለኝ "ሰውየውን አውቀዋለሁ" አልኳት። መድኃኒት ሰጠችኝ። ውኃ በደንብ ጠጪ፣ ጠላና ቢራ ተይ፣ ጉበትና ዱለትም ይቅር፣ ሥጋውንም በልክ አድርጊው አለችኝ። በመጨረሻ "ሲያብጥብሽ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ለጥቂት ደቂቃ ያዥበት፣ ቀዝቃዛ ያስታግሰዋል" ስትለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ደነገጠች። እግርህ ያውቅ ነበር፣ አባዬ። እኛ በጋቢ ስንጠቀልለው እሱ ብረቱን ይፈልግ ነበር።

ሕመሙ ጋብ ቢልልኝም መርገጥ አልቻልኩም። ናቲ በመብራት የሚሠራ ዲናሞ ገዛልኝ፤ በግራ እግር ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ግን "እንግዲህ ይሄ ብረት ምን ያደርጋል? ቤቱን አጣበበው። የመኪናውን ራስ ጠረጴዛ ላይ እንሰረውና ብረቱን ለቆራሌ እንስጠው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ለአሮጌ ብረት አልቅሼ ምን ልባል? እሺ አልኩት። እሁድ ጠዋት ቆራሌው "ቆራሌው!" እያለ በሰፈሩ ሲያልፍ ናቲ ጠራውና ብሎኑን መፍታት ጀመሩ። እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ መርገጫውን አያለሁ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው አበባ መሃሉ ላይ ጠፍቷል። የጠረገው ያንተ እግር ነው። 

ይሄኔ እማዬ ከጓዳ ወጣች። ምን እየሠሩ እንደሆነ ናቲ ሲነግራት ምርኩዟን ብረቱ ላይ አሳረፈች። "ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ብረት ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ። ባሌ ከኔ ጨው እሷን አስበልጦ። ጣውንቴን የማስወጣት እኔ ነኝ፤ አላስወጣትም!" አለች። ቆራሌው ሳቁን መያዝ አቅቶት "ማዘር፣ ጣውንት አንገዛም" ብሎ ጆንያውን አንስቶ ሄደ። ናቲም እየሳቀ ብሎኑን መልሶ አጠበቀው።

ከዚያ እማዬ፣ አታምነኝም፣ ጎንበስ ብላ ካልሲዬን አወለቀችና እግሬን ራሷ ብረቱ ላይ አሳረፈችው።

"ይህን ያህል ያሳርፋል እንዴ?" አለችኝ።

"ያሳርፋል" አልኳት።

 ቀና ብላ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።

አሁንም የምጽፍልህ እግሬን እዚያው አሳርፌ ነው። መኪናዋ በዲናሞ ትሄዳለች፤ መርገጫው ዝም ብሎ እኔን ይቀበላል። አንተ የጠረግከው ቦታ ለኔ እግር ትንሽ ይሰፋኛል። ስሰፋ አንዳንዴ ሳላውቀው ጆሮዬ ወደ ላይ ይቆማል፣ ዛሬም ከሥር የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ለሚመጣው ፋሲካ ዱለቱን እተዋለሁ፣ ውኃዬን እጠጣለሁ፣ እንግዳውን ከደጅ እመልሰዋለሁ። አንተን ግን አልመልስህም። ከላይ ሆነህ "ቁሚ" እስክትለኝ ድረስ፣ እየሰፋሁ አስብሃለሁ።

ከሥር የምትገፋልህ ልጅህ