የመጀመሪያው እሳት ለኤርማንስ

እኔ የፊርማን ቫሳል ባለቤት የነበርኩ ሌዮኒ፣ በቬርናዱ መንደር ተወልጄ ያረጀሁ፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ዓመት በጥቅምት ወር፣ ውል አዋዋዩ ሙሴ ቡዴና ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልጅ አልወለድኩም። ያለችኝ ታናሽ እህቴ ኤርማንስ ናት፤ ይኸው በር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

የፖም ዛፎቼ ለልጇ ለጉስታቭ ይሁኑ፤ እናቱን አለመምሰሉን ወድጄለታለሁ። የመዳብ ድስቴን ለጎረቤቴ ለመዳም ሪጋል ሰጥቻለሁ። በታመምኩ ጊዜ ሾርባ አምጥታልኛለች፣ ሾርባዋም ከእህቴ ሾርባ ይጣፍጣል።

ቤቴን በተመለከተ፦ ቤቴ ከመንደሩ የጋራ ዳቦ ምድጃ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በልማዳችን እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር እሳቱን ያነዳል፣ ቀድሞም ይጋግራል። ገና እኩል ባልሞቀ ምድጃ የገባ ዳቦ ከሥሩ አርሮ ከመሃሉ ሊጥ ሆኖ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ዕድሜ ልኬን እኔ ሳሞቅ፣ ኤርማንስ ተራዋን ጠብቃ መጥታ ወርቅ የመሰለ ዳቦ ታወጣለች። እጇ የተባረከ ነው ተባለላት። አምና ምድጃው የመንደሩ ቅርስ ነው ተብሎ ሰሌዳ ሲሰቀል የእሷ ፎቶግራፍ ተለጠፈበት፤ እኔ ከጭሱ ኋላ ነኝ፣ ክንዴ ብቻ ይታያል። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? እሷ አላጣችኝም። አዎን፣ ቀናሁ፤ አሁንም እቀናለሁ።

ይህንንስ እችለው ነበር። ነገር ግን ባሌ ፊርማን ሊሞት ሲል ምን ላምጣልህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ከኤርማንስ ዳቦ ቁራሽ» አለኝ። ሄጄ ለምኜ አመጣሁለት።

ስለዚህ ቤቴን ለኤርማንስ አውርሻለሁ። አትሽጠው፣ አታከራየው፤ ትኑርበት። እሳቱንም እሷ ታንድድ፣ ቀድማም ትጋግር። እምቢ ካለች ቤቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ይሁን።

ይህን ስናገር ኤርማንስ፣ «እትዬ፣ ቤቱ ይቅርብኝ፤ ተነሺና እሳቱን ራስሽ አንድጂው» ብላ አለቀሰች። ሙሴ ቡዴ ልጻፈው ወይ ቢለኝ ጻፈው አልኩት። ማልቀስም ያምርባታል።

የመጨረሻ ፈቃዴ፦ መንደሩ ሁሉ በሚጋግርበት በመጪው የምድጃ በዓል ኤርማንስ የምታወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ፣ እንዳረረ፣ በፊርማን መቃብር ላይ ታስቀምጥልኝ። ያን ጊዜ እኔም አጠገቡ ተኝቻለሁ። የማን እንደሆነ ሳልነግረው አቀምሰውና ምን እንደሚል እሰማለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ፦ ሌዮኒ ቫሳል።
ሲሰጥ ሰምተናል፦ ሲልቨስትር ፖንስ፣ አንጥረኛ፤ ቴዎፊል ካሮን፣ ደወል ደዋይ።