መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ዳኒዬ

ዳኒዬ፣ የኔ ምላሰኛ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ልጅህ ማክዳ ግን ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ በቅሎላታል፤ ያንተን አፍ ወርሳ አስተማሪዋ ላይ ሳይቀር ታሾፋለች። የላንቻው ቤታችን እንዳለ ነው። ካዛንችስ ግን ያንተ ካዛንችስ አይደለም። አብረን ፉል የምንበላበት ቤት ፈርሷል፣ እናትህና ጎረቤቶቻቸውም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። መሥሪያ ቤታችን ያለበት ፎቅ ብቻ ምን ይነካዋል፣ እንደቆመ ነው። አለቃችንም አናቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አቶ ቶሎ ያልከው አንተ ነህ፤ እውነተኛ ስሙን ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ወንበርህን ለእኔ ሰጠኝ። ደንበኛ ሲቆጣ ስልክ አነሳ የነበርኩትን ሴትዮ ምን መተግበሪያ እንዴት እንደሚሠራ የምትወስን ፕሮዳክት ማናጀር አደረገኝ። ሥልጠናም ልኮኝ ነበር፣ እዚሁ ካዛንችስ ሆቴል ውስጥ። ቢጫ ወረቀት ግድግዳ ላይ ስንለጥፍና ስናጨበጭብ ሰነበትን። አሠልጣኙ ለእድር መተግበሪያ የሚሆን የምናብ ደንበኛ ፍጠሩ ቢለን፣ የእኛ ቡድን ቤዛ የምትባል ወጣት ፈጠረ። ዮጋ ትወዳለች፣ ጊዜ የላትም። እድርተኛ ናት እንግዲህ! ድንኳን ሲተከል ዮጋዋን ትሠራለች በለኛ። መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ሰጡኝ፤ ማክዳ ጀርባው ላይ ድመት ሣለችበት። ድመቷ ጥሩ ናት።

እኔስ ሥራውን የተማርኩት ካንተ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከስታዲየም ወደ ላንቻ በእግራችን ስንመለስ። ሰው የለመነውን ሁሉ ለመሥራትማ ማን ያቅተዋል ትል ነበር። አንድ ነገር ልትሠሪ ስትነሺ ማን ይደሰታል ብለሽ አትጠይቂ፤ ቢበላሽ ማን ላይ ይወድቃል ብለሽ ጠይቂ። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬ እየጠበበኝ በቃ ታክሲ እንያዝ እልህ ነበር።

የእድሩን መተግበሪያ የጀመርነው በእናትህ እድር ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ስለተበተነ ጥሩምባ የሚነፋበት መንደር የለም። ሰው ይሞታል፣ ግማሹ እድርተኛ የሚሰማው ቀብር ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መተግበሪያ ሠራንላቸው፤ የእድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም ሲያስገባ የሁሉም አባል ስልክ በአንዴ ይነዝራል። ወደዱት። የእድሩ ዳኛ መረቁን፣ እናትህ እንኳ እሰይ አሉ። እኔም ወድጄው ነበር። የጠየቁንን ነው የሰጠናቸው።

ከዚያ ያንተ ጥያቄ መጣብኝ። ቢበላሽ ማን ላይ ይወድቃል? ከሚነዝረው ስልክ ሁሉ አንዱ ያለው የሟቹ እህት እጅ ላይ ነው። ወይ የእናቱ።

ያቺን ሰው አውቃታለሁ። አንተ ሐዋሳ መንገድ ላይ የቀረህ ቀን ዘመድ ሁሉ እናቴ ቤት ተሰብስቦ ነበር። በነጋታው በማለዳ መጥተው ሊያረዱኝ፣ በየትኛው ጎኔ ማን እንደሚይዘኝ ሳይቀር ተነጋግረው ነበር። እኔ ያን ማታ ከሥራ ወጥቼ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ስልኬ ነዘረ። አቶ ቶሎ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶህን ለጥፎ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ የሚያለቅስ ፊት ጨምሮበታል። እኔም ግሩፑ ውስጥ እንዳለሁ አላሰበም። ቶሎ ነዋ! ስወድቅ ከመሬት ያነሳችኝ የማላውቃት በቆሎ ሻጭ ናት።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ጸሐፊው የሟቹን ቤተሰብ አስቀድሞ ይለይ፣ ሽማግሌዎቹ አርድተናል እስኪሉ ድረስ የእነሱ ስልክ ዝም ይበል አልኩ። አቶ ቶሎ ሳቀ። የሙከራውን ውጤት ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ ሁሉም ሰው መልእክቱን ወዲያው ከፍቶታል እያለ እጁን አሻሸ። የሞት ወሬ መሆኑን ረስቶታል፤ የጫማ ቅናሽ መስሎታል። ይህን ሐሳብሽን ካልተውሽ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። የማክዳ እንጀራ በዚህ ደሞዝ እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም አልተቀመጥኩም። የባሌን ሞት የሰማሁት ካንተ መልእክት ነው አልኩት።

ምን ቢል ጥሩ ነው? የቱ መልእክት? አለኝ።

አላስታወሰውም፣ ዳኒዬ። እስከዚያ ቀን ድረስ እጠላው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መጠላቱም በዛበት፤ ናቅሁት።

ፕሮግራመሮቹ አንድ በአንድ ላፕቶፓቸውን ከደኑ፤ ካልተስተካከለ አንለቀውም አሉ። አቶ ቶሎ አጉረመረመና ተወው። በነጋታው የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ለድርጅቱ ባለቤቶች አቀረበላቸው። ይውሰደው፣ ምን ቸገረኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን አፍስሶ የሚያስለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ አስካለ ወንድም ዐረፉ። እትዬ አስካለን ታስታውሳቸዋለህ፣ የእናትህ የግድግዳ ጎረቤት፣ በልጅነትህ ኮንጎ ጫማ ይዘው ያሳደዱህ። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ገባቸው። እናትህ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ያዝናቸው። እስኪበቃቸው ጮኹ። ጸሐፊው በሩ ላይ እንደቆመ ስልኩ ላይ አርድተናል የሚለውን ቁልፍ ነካ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልካቸው ነዘረ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ ግን እሳቸውን እንደያዝኩ ላንተ አለቀስኩ፤ በደንብ አልቅሼልህ የማውቅ አይመስለኝም።

ሌላው ሰው በሙት ዓመትህ ያስብህ። እኔ የማስብህ እዚያው ወንበርህ ላይ ነው። አንድ ቸኳይ መጥቶ ለሁሉም ጥሩ ነው ባለ ቁጥር፣ ቢበላሽ ማን ላይ ይወድቃል ብዬ እጠይቀዋለሁ። አቶ ቶሎ ጥያቄው የማን እንደሆነ አያስታውስም። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

ሚስትህ፣ ምሥራቅ